ማይግሬን፦ «ሳይነስ ነው» ተብሎ የሚታለፈው ሕመም

መጀመሪያ የያዘኝ ቀን ታክሲ ውስጥ ነበርኩ። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ እየሄድን ስልኬ ላይ የተላከልኝን መልእክት ሳነብ ከእያንዳንዱ ቃል የቀኝ በኩሉ ጠፋብኝ። «ሰላም» የሚለው «ሰላ» ብቻ ሆነ። ስክሪኑ የተበላሸ መስሎኝ በሸሚዜ ጠረግኩት። ከዚያ ዓይኔ ጠርዝ ላይ የመጋዝ ጥርስ የመሰለ የሚያብረቀርቅ መስመር መጣ፤ ቀስ እያለ ሰፋ፤ 20 ደቂቃ ገደማ ቆይቶ ጠፋ። እፎይ ሳልል ግራ ጆሮ ግንዴ መምታት ጀመረ። ሜክሲኮ ስንደርስ ወርጄ መንገድ ዳር አስመለስኩ። ረዳቱ «በጠዋቱ ባይጠጣ ጥሩ ነበር» ብሎኝ በሩን ዘጋ።

ከዚያ በኋላ በሁለት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ የታይፎይድ መድኃኒት ወስጃለሁ። አንዱ ክሊኒክ ታይፈስ አለኝ፣ ሌላው ሳይነስ፣ ሌላው ጨጓራ። «ማይግሬን» የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማሁት አራተኛው ቦታ ላይ ነው። ይህን የምጽፈው አሁንም በዚያው መንገድ ላይ ያለ ብዙ ሰው ስለማውቅ ነው። ሐኪም አይደለሁም። ከታች ያለው ወደ ሐኪም ስትሄዱ ምን ይዛችሁ እንደምትሄዱ እንድታውቁ ነው እንጂ ሐኪም እንዲሆናችሁ አይደለም።

ማይግሬን ምንድን ነው?

ማይግሬን የነርቭ ሥርዓት ሕመም ነው። ራስ ምታቱ ከምልክቶቹ አንዱ ነው እንጂ ሕመሙ ራሱ አይደለም። ስሙ «ግማሽ ጭንቅላት» ከሚል የግሪክ ቃል የመጣ ነው፤ ብዙ ጊዜ በአንድ ጎን ስለሚያም። በዓለም ላይ ወደ 1 ቢሊዮን ሰው አለበት ተብሎ ይገመታል። ከጉርምስና በኋላ ሴቶችን ከወንዶች ከ2 እስከ 3 እጥፍ ያጠቃል።

እኛ ሀገርስ? በ2016 (እ.ኤ.አ.) የታተመና ፕሮፌሰር ረዳ ተክለ ሃይማኖት የተሳተፉበት ጥናት፣ ከአዋቂዎች ወደ 18 በመቶ የሚጠጉት በአንድ ዓመት ውስጥ ማይግሬን እንደነበረባቸው አሳይቷል። 12 ሰው የጫነ ሚኒባስ ውስጥ ሁለት ሰው ማለት ነው። ረዳቱ ይህን ቢያውቅ ኖሮ።

ማይግሬንን የሚያሳይ የደም ምርመራ የለም። ሲቲ ስካንም ሆነ ኤምአርአይ ሕመሙን አያሳዩም፤ የሚታዘዙት ሌላ ነገር ከተጠረጠረ ነው። ሐኪሙ የሚለየው ታሪካችሁን ሰምቶ ነው። ስለዚህ ብዙ ብር ከፍላችሁ ጭንቅላታችሁን ከማስነሳታችሁ በፊት እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ራሳችሁን ጠይቁ። ባለፉት 3 ወራት ራስ ምታቱ ቢያንስ ለአንድ ቀን ሥራ ወይም ትምህርት አስቀርቷችኋል? ሲያማችሁ ያቅለሸልሻችኋል? ብርሃን ከወትሮው በላይ ያስቸግራችኋል? ከሦስቱ ሁለቱ «አዎ» ከሆነ ማይግሬን የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። በዚያ ላይ ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት የሚቆይ፣ እንደ ልብ ምት «ድም ድም» የሚል፣ ደረጃ ሲወጡ የሚብስና ተደጋግሞ የመጣ ከሆነ ጥርጣሬው ይጠነክራል።

ከውጥረት የሚመጣው የተለመደው ራስ ምታት ደግሞ ጭንቅላትን ዙሪያውን በሻሽ ጠፍሮ እንደማሰር ያለ ነው። ይጨንቃል፣ ግን እየተራመዳችሁ፣ እያወራችሁ፣ እየበላችሁ ትውላላችሁ። ማይግሬን ያለበት ሰው ግን ጨለማ ክፍል ፈልጎ ነው የሚተኛው።

ውስጥ ምን ይፈጠራል?

ማይግሬን የሚጀምረው ራስ ሲያም አይደለም። ከሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ምልክት ይሰጣል። ያለ እንቅልፍ ማዛጋት፣ አንገት መያዝ፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ ሽንት ቶሎ ቶሎ መምጣት፣ ጣፋጭ ነገር ማማር። የኔ ማዛጋት ነው። ስብሰባ ላይ በተከታታይ አሥር ጊዜ ካዛጋሁ ነገ እንደማልሠራ አውቃለሁ።

ከዚያ ከአራት ሰው አንዱ ገደማ «ኦራ» የሚባለው ይመጣበታል። እኔ ታክሲ ውስጥ ያየሁት መጋዝ እሱ ነው። ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። አንዳንዱን ከእጅ ጣት ጀምሮ ወደ ፊት የሚወጣ መደንዘዝ ይይዘዋል፤ አንዳንዱ ለጥቂት ደቂቃ ቃል ይጠፋበታል። ካርል ላሽሊ የተባለ አሜሪካዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የራሱን ኦራ በወረቀት ላይ እየሣለ፣ በሰዓት እየለካ፣ አንድ ነገር በአንጎሉ ገጽ ላይ በደቂቃ 3 ሚሊ ሜትር ገደማ እየተጓዘ መሆን አለበት ብሎ በ1941 (እ.ኤ.አ.) ጻፈ። ከሦስት ዓመት በኋላ አሪስቲዲስ ሊያኦ የተባለ ብራዚላዊ ጥንቸል አንጎል ላይ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚሄድ ማዕበል አገኘ። ዛሬ ኦራ የሚመጣው ከዚህ ማዕበል ነው ተብሎ ይታመናል። ዛር አይደለም፣ ዓይነ ጥላም አይደለም።

ራስ ምታቱን ራሱን የሚያመጣው ደግሞ ፊትና የአንጎል ሽፋን ላይ የተዘረጋው ትልቁ የስሜት ነርቭ ነው። ነርቩ ሲነሳ «ሲጂአርፒ» የሚባል ንጥረ ነገር ይለቃል፣ ሕመሙም ይቀጣጠላል። ይህን የፈቱት አራት ሳይንቲስቶች በ2021 (እ.ኤ.አ.) «ብሬይን ፕራይዝ» የተባለውን ትልቅ የአንጎል ምርምር ሽልማት ወስደዋል።

ሕመሙ ከቆመ በኋላ ያለው ቀን የባሰ የሚረሳ ነው። ሰውነት እንደ ጨርቅ ይሆናል፣ ሐሳብ አይሰበሰብም። «ተሻለህ አይደል? ታዲያ ለምን አትሠራም?» የሚባለው በዚህ ቀን ነው።

ሳይነስ፣ ታይፈስ፣ ጨጓራ

እዚህ ጋ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ገንዘባችን የሚያልቀው እዚህ ነው።

በማይግሬን ጊዜ ግንባርና ጉንጭ ሊያም፣ አፍንጫ ሊታፈን፣ ዓይን ሊያለቅስ ይችላል፤ ያው ነርቭ ስለሆነ። ሰውም «ሳይነሴ ተነሳ» ይላል። አሜሪካ ውስጥ «የሳይነስ ራስ ምታት አለብን» ያሉ ወደ 3,000 የሚጠጉ ሰዎች ሲመረመሩ 88 በመቶው የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ነው የተገኘባቸው። እውነተኛ የሳይነስ ኢንፌክሽን ብዙ ጊዜ ትኩሳትና ወፍራም፣ ቀለም ያለው ንፍጥ አብሮት ይመጣል፤ በየወሩ እየመጣ በሁለተኛው ቀን ራሱ አይጠፋም።

የታይፎይድና የታይፈሱ ነገር ደግሞ ምን መሰላችሁ፣ በየክሊኒኩ ከጣት ደም ወስደው የሚሠሩት ፈጣን ምርመራ ቀድሞ ያለፈ ኢንፌክሽንን ወይም ሌላ ነገርንም «አለ» ሊል ይችላል። ትኩሳት ሳይኖራችሁ፣ በአንድ ጎን የሚመታ፣ በየጊዜው የሚመለስ ራስ ምታት ይዛችሁ ሄዳችሁ «ታይፎይድ» ከተባላችሁ «ማይግሬን ሊሆን አይችልም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። በነገራችን ላይ ሕመሙ በሦስተኛው ቀን ራሱ ሲለቃችሁ «መድኃኒቱ ሠራልኝ» ትላላችሁ። እኔም ብያለሁ። ሦስት ጊዜ።

ጨጓራውም እንደዚሁ ነው። ማቅለሽለሹና ማስመለሱ የማይግሬኑ አካል ነው። ነገር ግን እውነተኛ ጨጓራ ያለበት ሰው ማይግሬንም ሲኖርበት መድኃኒት አመራረጡ ስለሚለወጥ ሁለቱን ለሐኪሙ መንገር ግድ ነው።

ቡና፣ ጾም፣ እንቅልፍ

የማይግሬን አንጎል ለውጥ አይወድም። ብዙ መተኛትም ትንሽ መተኛትም፣ መራብም፣ ቡና መብዛትም ቡና መቅረትም ያስነሳዋል። አንዱ ብቻውን ላያስነሳ ይችላል፤ ሁለት ሦስቱ ሲደራረቡ ነው የሚፈነዳው። ቅዳሜ ማታ አምሽቶ፣ እሑድ እስከ ረፋድ ተኝቶ፣ ቁርስና ቡና ያመለጠው ሰው እሑድ ከሰዓት ቢታመም አይገርምም።

ቡናን በተመለከተ የሚጣላኝ ሰው እንዳለ አውቃለሁ። «ቡና እኮ ራስ ምታት ያድናል» ትላለች እናቴ፤ ተሳስታ አይደለም። ካፌይን ሕመም ማስታገሻን ያግዛል፣ አንዳንድ መድኃኒት ውስጥም አለ። ግን በየቀኑ የለመደ ሰው ሲቋረጥበት ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ራሱን ያመዋል። ስለዚህ ቁም ነገሩ መጠኑንና ሰዓቱን አለማዘበራረቅ ነው። ዛሬ አንድ ሲኒ፣ ነገ ከአቦል እስከ በረካ ከሆነ ችግር ነው። ቡናው ባያስነሳ እንኳ እጣኑ ሊያስነሳ ይችላል፤ ሽቶ፣ የናፍጣ ጭስና የበረኪና ሽታም እንዲሁ። ዓረብ ሀገር ሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችን እንቅልፍ አጥተው በተዘጋ መታጠቢያ ቤት ውስጥ በክሎሮክስ ሲያጸዱ ራሳቸውን የሚያማቸው ያለ ምክንያት አይደለም።

ጾም ላይ ሦስት ነገር አንድ ላይ ይመጣል፦ ረሃብ፣ ውሃ ማነስና ቡና መቅረት። ትናንት 10 ሰዓት ላይ ቡና የጠጣ ሰው ዛሬ እስከ 9 ሰዓት ሲጾም ራስ ምታቱ በመሐል ይደርስበታል። የሚረዳው ከዐቢይ ጾም ወይም ከረመዳን በፊት ባለው ሳምንት ቡናን ደረጃ በደረጃ መቀነስ፣ ከጾም ውጪ ባለው ሰዓት ውሃ ደህና አድርጎ መጠጣት፣ በረመዳን ሱሑር አለመዝለል ነው። በየጾሙ ለሚወድቅ ሰው ደግሞ ክርስትናውም እስልምናውም ለታመመ ሰው ፈቃድ አላቸው። ከንስሐ አባት ወይም ከሸኽ ጋር ተነጋገሩ፣ ከሐኪምም ጋር።

ጫት የሚቅሙ ጓደኞቼ ይህን አይወዱትም፣ ግን ምግብ መዝጋቱና እንቅልፍ መንሳቱ ብቻውን ይበቃል። አልኮልም የታወቀ ነው።

ስልክስ? ስልክ ማይግሬንን አይፈጥርም። ደማቅ ብርሃን ግን ያስነሳል፣ ሌሊት 8 ሰዓት ድረስ ቪዲዮ መግፋት ደግሞ እንቅልፍ ይበላል። ብርሃኑን ዝቅ አድርጉ፣ ጨለማ ገጹን አብሩ፣ መኝታ ሰዓታችሁን አታንሸራቱ።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ቸኮሌት በልቶ ከሰዓታት በኋላ የታመመ ሰው ቸኮሌቱን ይወነጅላል። ከላይ እንዳልኩት ግን ጣፋጭ ማማሩ ራሱ ማይግሬኑ እንደጀመረ ምልክት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ አጋጣሚ ምግብ አትከልክሉ። ስልካችሁ ማስታወሻ ላይ ለ2 ወይም ለ3 ወር ቀኑን፣ የጀመረበትን ሰዓት፣ የወሰዳችሁትን መድኃኒትና ሴት ከሆናችሁ የወር አበባ ቀናችሁን ጻፉ። ኢስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ከወር አበባ በፊት ሲወርድ ብዙ ሴቶች ይያዛሉ፤ ይህ ከማስታወሻው ላይ ቁልጭ ብሎ ይወጣል።

ሲነሳ ምን ይደረጋል?

ትልቁ ስህተት መጠበቅ ነው። «እስቲ ይለፍ» ብለው ሁለት ሦስት ሰዓት ከቆዩ ሆድ ሥራውን ያቀዘቅዛል፣ የተዋጠው ክኒንም በጊዜ አይሠራም። ራስ ምታቱ ገና ቀላል ሳለ፣ በቂ መጠን መውሰድ ነው የሚመከረው። ለአዋቂ አይቡፕሮፌን 400 ሚሊ ግራም ወይም ፓራሲታሞል 1,000 ሚሊ ግራም የተለመደ መነሻ ነው። ግማሽ ክኒን እየቆረሱ መዋጥ አይረዳም። ጨጓራ፣ ኩላሊት ወይም አስም ያለበትና ነፍሰ ጡር ሴት አይቡፕሮፌንና ዲክሎፌናክን ሳይጠይቁ አይውሰዱ። ለማስመለሱ ሐኪም ፕላሲል ሊያዝ ይችላል።

ከአሜሪካ በሻንጣ የሚመጡ መድኃኒቶችን ስማቸውን ሳይሆን ውስጣቸውን አንብቡ። አድቪል ማለት አይቡፕሮፌን ነው፤ ከዲክሎፌናክ ጋር ደርቦ መዋጥ ጨጓራን ማድማት ነው። ኤክሴድሪን ውስጥ ደግሞ ፓራሲታሞል፣ አስፕሪንና ካፌይን አንድ ላይ አሉ፤ ስለዚህ ላዩ ላይ ፓናዶል አይጨመርም።

ለማይግሬን ተብሎ የተሠራው የመጀመሪያው ትሪፕታን፣ ሱማትሪፕታን፣ ገበያ ላይ የዋለው በ1991 (እ.ኤ.አ.) ነው። ለብዙዎች ጥሩ ይሠራል፤ የልብ ወይም የስትሮክ ታሪክ ያለበት ሰው ግን አይወስደውም።

ከእሱ በፊት ዋናው ኧርጎታሚን ነበር። ይህን መድኃኒት ከጎረቤት ተቀብላችሁ አትዋጡ። የሚገኘው እህል ላይ ከሚበቅል ፈንገስ ነው፤ ያው ፈንገስ ነው በ1970 ዓ.ም. ግድም ወሎ ውስጥ የተበከለ እህል የበሉ ሰዎችን እጅና እግር ደም አሳጥቶ ያጠቆረው። ክኒኑ ውስጥ ያለው መጠን ትንሽ ነው፣ ነገር ግን እንደ ክላሪትሮማይሲንና ኤሪትሮማይሲን ካሉ አንቲባዮቲኮች ወይም ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ ደም ውስጥ ይከማቻል፣ ያው አደጋ ይመጣል። ለነፍሰ ጡር ፈጽሞ አይሰጥም። ከሱማትሪፕታን ጋርም በ24 ሰዓት ውስጥ አይወሰድም።

ትራማዶልን ተዉት። ማይግሬንን በደንብ አያስታግስም፣ ሱስ ግን በደንብ ያስይዛል።

አሁን ብዙ ሰው የማያምነው ነገር፦ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ማይግሬን ያለበት ሰው ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ትሪፕታን፣ ኧርጎታሚን፣ ትራማዶል ወይም እንደ ኤክሴድሪን ያለ ድብልቅ ደግሞ በወር 10 ቀንና ከዚያ በላይ ከ3 ወር በላይ ከወሰደ አንጎሉ ይለምደዋል፣ መድኃኒቱ ሲያልቅ ሕመሙ ይነሳል። ከሳምንት 2 ቀን አለማለፍ ጥሩ መለኪያ ነው። ቦርሳችሁ ውስጥ ሁልጊዜ ማስታገሻ ካለና በየሳምንቱ አዲስ የምትገዙ ከሆነ ማስታወሻችሁን ከፍታችሁ ቁጠሩ።

ኦራና የወሊድ መከላከያ

ይህን ያለ ሐኪም ጥያቄ ክኒን ከፋርማሲ ለሚገዙ እህቶች ነው የምጽፈው። ኦራ ያለው ማይግሬን በራሱ የስትሮክን ዕድል በትንሹ ከፍ ያደርጋል። ኢስትሮጅን ያለበት በየቀኑ የሚዋጥ ድብልቅ ክኒን ሲጨመርበት ዕድሉ የበለጠ ይወጣል፤ ማጨስ ካለ ደግሞ ይብሳል። የዓለም ጤና ድርጅት ኦራ ያላቸው ሴቶች ይህን ዓይነቱን ክኒን ከነጭራሹ እንዳይወስዱ ይላል። መርፌው፣ ክንድ ውስጥ የሚቀበረውና ሉፑ ኢስትሮጅን የለባቸውም። ፋርማሲስቱ ወይም የጤና ባለሙያዋ «ማይግሬን አለብሽ?» ብላ ካልጠየቀችሽ አንቺው ቀድመሽ ንገሪያት።

በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ የሚይዛችሁ

በዚህ ጊዜ ማስታገሻ ብቻ አይበቃም፣ መከላከያ መድኃኒት ይታሰባል። ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ርካሽና የቆዩ መድኃኒቶች ናቸው። «የደም ግፊት መድኃኒት ሰጠኝ» ወይም «የድብርት ክኒን ነው፣ አብጃለሁ ማለት ነው?» ብላችሁ አትደንግጡ፤ ማይግሬንም ላይ ይሠራሉ። አስም ያለበት ፕሮፕራኖሎል አይወስድም። ቫልፕሮዌት ደግሞ ጽንስን ስለሚጎዳ ልትወልድ ለምትችል ሴት አይሆንም። ሁሉም ውጤታቸው የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ በ10ኛው ቀን «አይሠራም» ብሎ የሚያቆመው ሰው ብዙ ነው። እኔ በሰባተኛው ሳምንት ነው ልዩነቱን ያየሁት፤ በወር ከስድስት ወደ ሁለት።

ሲጂአርፒን የሚዘጉት አዲሶቹ መርፌዎች አሜሪካ ውስጥ ከ2018 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አሉ። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ አንባቢዎቻችን የቆዩት ካልሠሩላችሁ ሐኪማችሁን ስለነሱ ጠይቁ።

ዛሬውኑ ሐኪም ቤት

እነዚህ ማይግሬን ነው ተብለው የሚተኙባቸው አይደሉም፦ በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የደረሰ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ራስ ምታት፤ ትኩሳትና አንገት መገተር ያለበት፣ ማጅራት ገትር ሊሆን ይችላልና፤ ግማሽ አካል የከዳው፣ አፍ የተንጋደደ ወይም ንግግር የጠፋበት፤ የሚጥል ነገር፤ ከጭንቅላት ምት በኋላ የመጣ፤ በእርግዝና ወይም በወለዱ ሰሞን የጀመረ፣ በተለይ እይታ ከደበዘዘ፤ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የመጣ፤ የኤችአይቪ ወይም የካንሰር ሕመምተኛ ላይ አዲስ የጀመረ፤ ሲያስሉ የሚብስና ከሳምንት ሳምንት እየጨመረ የሚሄድ።

አጠገባችሁ ያለ ሰው ሲይዘው

መብራቱን አጥፉ፣ መጋረጃውን ዝጉ፣ ቴሌቪዥኑን ዝም አስብሉ። ቡና እየተፈላ ከሆነ እጣኑን ወደ ውጪ አውጡት። ውሃ፣ ማስታገሻውንና ማስመለሻ የሚሆን ነገር አጠገቡ አስቀምጡ። በእርጥብ ጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ግንባር ወይም ማጅራት ላይ ብዙ ሰው ያሳርፋል። በየአሥር ደቂቃው «አሁንስ?» እያላችሁ በር አትክፈቱ። ለአለቃ ወይም ለመምህር የሚላከውን መልእክት እናንተ ጻፉለት፤ በዚያ ሰዓት እሱ ስክሪን ማየት አይችልም።